ስለ ተንቀሳቃሽ የጋዝ ምድጃ አያያዝ

ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ከጥንት ጀምሮ ስንቁን አስቀድሞ የሚያሰናዳ ሰው ነው። በእግር ይሄድ በነበረበት ዘመን በሶውንና ቆሎውን፣ በአውሮፕላን በሚመጣበት በዛሬው ዘመን ደግሞ ሽሮውን፣ በርበሬውንና ድርቆሹን ይዞ ይደርሳል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ በተለይም በዐቢይ ጾም መጥቶ እስከ ፋሲካ ለሚሰነብት ሰው የለመደውን የጾም ምግብ ከባዕድ አገር ገበያ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ እህሉን ይዞ መምጣቱ ብልህነት ነው። ነገር ግን እህሉ ከአገር ቤት ይመጣ እንጂ እሳቱ ከአገር ቤት አይመጣም። እሳቱ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ጣሳ ወይም በሲሊንደር የሚሠራ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ የጋዝ ምድጃ ነው።

ተሳላሚ በሚያርፍበት በአንድ ገዳም የእንግዳ ቤቱን የሚጠብቁ ሽማግሌ መነኩሴ አሉ። እንግዳ ሲደርስ ተቀብለውና ባርከው ውሃ ካቀረቡ በኋላ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ምግባችሁን በምን ልታበስሉ አስባችኋል?» የሚል ነው። አዲስ የመጡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አባታችን ረኃባችንን አስበው ነው ብለው ያመሰግናሉ። እሳቸው ግን በዚያች ሰዓት የሚያስቡት ስለ ምድጃው ነው። ምድጃው ከማን ተገዛ? ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? በየትኛው ክፍል ሊቀመጥ ነው? ይህን ሳያውቁ አይተኙም። እኒህ አባት ያደጉት በእንጨትና በከሰል እሳት ሲሆን፣ ስለ ጋዝ የተማሩት ካረጁ በኋላ፣ ሲሊንደር የሚያመጣውን ሰው እየጠየቁና ከምድጃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት ተማሪዎች እያነበቡላቸው ነው። ምናልባት የትምህርታቸው ጥራት ከዚህ የመጣ ይሆናል፤ የሚያውቁትን አሮጌ እሳት ከማያውቁት አዲስ እሳት ጋር በየነጥቡ እያስተያዩ ተምረዋልና።

የእሳቸው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የጋዝ ምድጃ የሚጎዳው ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም እሳትን አውቃለሁ በሚል ሰው ላይ ይበረታል። ከሰል አያይዞ፣ ላምባ ሞልቶ ያደገ ሰው እጁ የለመደው ሥርዓት አለው። ያ ሥርዓት ለከሰልና ለላምባ ትክክል ነው። ወደ ጋዝ ሲዛወር ግን እኩሌታው ይጠቅማል፣ እኩሌታው ይገድላል፤ ስለዚህ የሚጠቅመውን ከሚገድለው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገና ከስሙ ጀምሮ ማሳሳት አለ። በኢትዮጵያ «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ነጭ ጋዝ የሚባለውን ፈሳሽ፣ ማለት ላምባን ነው። «ቡታጋዝ» የሚለውም ቃል ከአንድ የፈረንሣይ ኩባንያ የንግድ ስም የመጣ ሆኖ ሳለ፣ በሕዝብ አፍ ግን የምድጃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ ተሳላሚዎች ክፍል ገብቶ «ጋዝ እየፈሰሰ ነው!» ብሎ ቢጮኽ፣ በክፍሉ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ጎንበስ ብለው ወለሉ እርጥብ እንደ ሆነ ይፈልጉ ጀመር። አንዲት እናትም አጥርተው ለማየት ብለው ክብሪት ሊጭሩ ሲሉ ተማሪው ዘሎ እጃቸውን ያዘ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ እንግዳ ቤት «ይፈሳል» የሚለው ቃል ተከልክሏል፤ «አየሩ አምልጧልና ውጡ» ይባላል።

በእርግጥም ነገሩ አየር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔን ወይም ቡቴን ወይም የሁለቱ ቅልቅል ሲሆን፣ ሁለቱም ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ተለይተው የሚወጡ ናቸው። በግፊት ሲታመቁ ፈሳሽ ስለሚሆኑ በትንሽ ዕቃ ብዙ መያዝ ይቻላል፤ ሲሊንደሩ ሲወዘወዝ እንደ ውሃ የሚንቦጫረቀው ይህ ፈሳሽ ነው። መክፈቻው ሲላላ ፈሳሹ ፈልቶ ወደ አየርነት ይመለሳል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔንም ወደ 270 ሊትር የሚጠጋ አየር ይሆናል። ይህም ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ሲሆን እሳት ለመያዝ ይበቃል።

አባ ይህን ሒሳብ ለተማሪዎቹ በጠመኔ ሠርተው ያሳያሉ። 270 ሊትር ከመቶ 2 እጅ የሚሆነው ለ13,500 ሊትር ነው፤ ይኸውም ወርዷም፣ ርዝመቷም፣ ቁመቷም 2 ሜትር ከ40 የማይሞላ የአንድ መነኩሴ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ፈሳሽ ካመለጠ አንዲቱ ክፍል በሞላ ለመቀጣጠል ትበቃለች። በተግባር ግን ከዚያም ያነሰ ይበቃል፤ ጋዙ በክፍሉ ሁሉ እኩል አይሰራጭምና።

በከሰል ያደገ ሰው የሚሳሳትበት የመጀመሪያው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰው ጭስ ሲያፍነው ጎንበስ ይላል፣ ወይም ከፍ ያለውን መስኮት ይከፍታል። ፕሮፔን ግን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ቡቴንም ሁለት ጊዜ ያህል። ካመለጠም ወደ ታች ይወርዳል፣ በወለሉ ላይ ይሳባል፣ ደረጃ ቢያገኝ ደረጃውን ይወርዳል፣ ጉድጓድ ቢያገኝ በዚያ ይተኛል። ከፍ ያለ መስኮት ከፍቶ «ክፍሉ ተናፍሷል» ማለት ለጭስ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ግን በሩ እስከ ወለሉ ድረስ ወለል ብሎ መከፈት አለበት።

አሮጌይቱ የኢየሩሳሌም ከተማ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ከባድ አየር የተመቸች ናት። ለብዙ ዘመን የዝናብ ውሃ እያጠራቀመች የኖረች ስለ ሆነች በግቢዎቿ ሥር የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ቤቱም በቤት ላይ የተሠራ ነው። በዴር ሡልጣን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ክፍሎች የቆሙት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ እንደ ሆነ የተሳለመ ሁሉ ያውቃል፤ በግቢው መካከል ብቅ ብሎ የሚታየውም ጉልላት ከታች ያለው የቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ጉልላት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የአንዱ ወለል የሌላው ጣራ ነውና፣ ከአንድ በር የወጣ ጋዝ በማን ቤት እንደሚያርፍ የወጣበት ሰው አያውቅም። ስለዚህ ሲሊንደር በምድር ቤት፣ በደረጃ ሥር፣ በውሃ ጉድጓድ አፍ ወይም በፍሳሽ ቀዳዳ አጠገብ አይቀመጥም። ከተቻለ በግቢ፣ በጥላ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም።

«ይህ ቤት የድንጋይ ነው፤ ምኑ ይነዳል?» የሚሉ ሰዎችም አይጠፉም። የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያንም የድንጋይ ነበር፤ ቢሆንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. በተነሣ ቃጠሎ እጅግ ተጎድቶ የመቃብሩ ጉልላት ወድቋል። ያን ጊዜ ደግሞ ጋዝ የሚባል ነገር አልነበረም።

በመነኩሴ ክፍል ወይም በተሳላሚ ክፍል እሳት የሚገኘው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ ጋዙ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ጧፉ በሥዕሉ ፊት በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ይበራል፤ የዕጣኑ ከሰል ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ይህን መናገር ጸሎቱ ይቅር ማለት አይደለም። ሲሊንደር በሚቀየርበት፣ ምድጃም በሚገጠምበት ሰዓት ግን ጧፉ ይጥፋ፣ ከሰሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሥራው አልቆ መፍሰስ አለመኖሩ ከታየ በኋላ መልሶ ማብራት ይቻላል።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ሰው እንዲነቃበት ተብሎ መርካፕታን የተባለ መጥፎ ሽታ ያለው ነገር ይጨመርበታል። ይህ ልማድ የጸናው በከባድ ዋጋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ክፍል፣ ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ሽታ መጨመር በሕግ የታዘዘው። ስለዚህ የበሰበሰ ነገር ሽታ በምድጃ አጠገብ ሲሸት «ጎመኑ ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሆኖም አፍንጫም ቢሆን የታመነ ዘበኛ አይደለም፤ ሽታውን ሲለምደው ዝም ይላል፤ በሽማግሌ ይደክማል፤ ዕጣን በጤሰበት ቤትም ይዘናጋል። የጋዝ መፍሰስን የሚያስታውቅ ትንሽ የደወል መሣሪያ አለ፤ መሣሪያው ለፕሮፔንና ለቡቴን ሲሆን የሚተከለው ከወለሉ ዝቅ ብሎ ነው። በግድግዳው ራስ ላይ ሰቅሎት ደስ ብሎት የተኛ ሰው ገንዘቡን አባክኗል።

ስለ አገጣጠሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጥቂቱን ግን ሳይሳሳቱ ማወቅ ይበቃል። ሲሊንደር የሚቀየረው ከቤት ውጭ ነው። በመጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ክብ ጎማ ደርቃ ወይም ተሰነጣጥቃ እንደ ሆነ ዋጋዋ ትንሽ ነውና ትለወጥ። በብዙዎቹ ትልልቅ የፕሮፔን ሲሊንደሮች መጋጠሚያው እንደ ሌላው ብሎን አይደለም፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ጎበዝ ያጠበቀ መስሎት በጉልበቱ ያላላዋል። ከተገጠመ በኋላ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በመጋጠሚያውና በጎማው ላይ መቀባት ነው፤ አረፋ ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። ይህን በክብሪት የሚፈትኑ ሰዎች አሉ ቢባል አንባቢ ላያምን ይችላል፤ ግን አሉ። ሲያቀጣጥሉም ክብሪቱን አስቀድሞ ጭሮ፣ እሳቱን ወደ ምድጃው አቅርቦ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መክፈት ነው። አልያዘ እንደ ሆነ ወዲያው ዘግቶ፣ አየሩ እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መሞከር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አባን የሚያሳስባቸው ግን ሽሮ ነው። ሽሮ የሚገነፍል ምግብ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። በአንድ የፋሲካ ሰሞን፣ ተሳላሚዎቹ በቀዳም ሥዑር ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ ሌሊቱንም በማኅሌትና በቅዳሴ አሳልፈው በተመለሱበት ጧት፣ ጾም መፍታት የማይችሉ አንዲት ሕመምተኛ እናት በክፍላቸው ሽሮ ጥደው ሲወጡ አባ ከደጅ አገኟቸው።

«እናቴ፣ ድስቱን ጥደው ወዴት ይሄዳሉ?»

«አባቴ፣ እስኪፈላ ድረስ ከጎረቤት ክፍል ጋደም ልበል ብዬ ነው። እግሬ አልቋል።»

«ሽሮው ቢገነፍልስ?»

«ቢገነፍል እሳቱን ያጠፋዋል፤ ሌላ ምን ያደርጋል?»

«በከሰል ቢሆን እውነትዎን ነው» አሉ አባ፤ «ከሰል ውሃ ፈስሶበት ሲጠፋ ነገሩ አለቀ። ይህ ግን ነገሩ የሚጀምረው ሲጠፋ ነው። እሳቱ ይጠፋል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን አይተውም፤ እርስዎ ተኝተው፣ እሱ ክፍሉን ሲሞላ ይቆያል። ከዚያም አንድ ሰው ጧፍ ይዞ ይገባል።»

እኒያ እናት ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው አባቴ ሽሮውን እርስዎ ይጠብቁልኝ» ብለው ሄደው ተኙ። አባም ማማሰያውን ይዘው ቁጭ አሉ። ተማሪዎቹ ይህን አይተው ሥራውን ሊቀበሏቸው ቢሉ እምቢ አሉ፤ ያን ዕለት ሌላ ማንንም አላመኑም። በቤት ውስጥ የሚተከሉ አንዳንድ ምድጃዎች እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ አላቸው፤ ትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ምድጃዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ለእነሱ መዝጊያቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የሽማግሌ ፍርሃት ነው የሚል ቢኖር፣ በሌሎች የእምነት መንገደኞች ላይ የደረሰውን ይስማ። በሳውዲ ዐረቢያ በመካ አጠገብ ሚና በሚባል ሜዳ የእስልምና ተሳላሚዎች በድንኳን ይሰፍራሉ። በዚያ ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. የፈነዳ የጋዝ ሲሊንደር ባስነሣው እሳት 200 ያህል ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ደግሞ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1989) ከማብሰያ ጋዝ የተነሣ ነው የተባለ እሳት በነፋስ ተገፍቶ ወደ 70,000 የሚሆኑ ድንኳኖችን ሲያቃጥል 343 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,500 በላይ ሰዎችም ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ በሜዳው እሳት የማይዛቸው ድንኳኖች ተተከሉ፤ የጋዝ ሲሊንደርም በድንኳን ውስጥ ተከለከለ። በሕንድ አገርም ነሐሴ 26 ቀን 2023 ዓ.ም. ማዱራይ በምትባል ከተማ፣ ቆሞ በነበረ የባቡር ሠረገላ ውስጥ መንገደኞች በድብቅ ባስገቡት የጋዝ ሲሊንደር ሻይ ሊያፈሉ ሲሉ እሳት ተነሥቶ ቢያንስ 9 ሰዎች ሞቱ፤ እነዚህም የተቀደሱ ስፍራዎችን ለመጎብኘት የወጡ ነበሩ።

ተሳላሚ ለዚህ አደጋ ለምን እንደሚቀርብ ማሰብ ይገባል። ደክሟል፤ ከብዙ ሰው ጋር በጠባብ ስፍራ ያድራል፤ ዕቃውም የራሱ ሳይሆን የተዋሰው ወይም በችኮላ የገዛው ነው። አንዱ በሚጥደው ድስት ዐሥሩ ይኖራል ወይም ይሞታል። በዚህ ጉዳይ «የራሴ ክፍል ነው» የሚለው ንግግር ዋጋ የለውም።

ለተሳላሚ የሚስማማው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ ትንሽ የቡቴን ጣሳ የሚተኛበት ጠፍጣፋ ምድጃ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ የተሠራው ግን ለትንሽ ድስት ነው። ለሃያ ሰው የሚሆን ትልቅ ድስት በላዩ ቢጣድ፣ ይልቁንም ሁለቱን ምድጃ ጎን ለጎን አድርጎ ምጣድ ቢጣድባቸው፣ ሰፊው ብረት ሙቀቱን መልሶ በጣሳው ላይ ይጥለዋል፤ ጣሳውም ሲግል ግፊቱ ጨምሮ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ምድጃ እንጀራ ለመጋገር የሚያስቡ ሰዎች ቢያዝኑም ይተዉት። ምጣድ የራሱ ምድጃ አለው፤ ለጥቂት ሳምንትም ድርቆሽ አይጠላም።

የኢየሩሳሌም ክረምት ሌላ ፈተና ያመጣል። ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ ዲግሪ በጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በብርድ ሌሊት ጣሳው ይሰንፋል፣ እሳቱም ይመነምናል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይፈላል፤ ብርድ አይበግረውም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ምድጃው የተበላሸ ይመስለውና ጣሳውን በሌላ እሳት ላይ ያሞቀዋል። ይህ ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው። በሙቀት ወራት ደግሞ ወደ ኢያሪኮና ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላሚዎች ሲሊንደራቸውን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ትተው ይሄዳሉ። ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየር ግፊትን 8 እጥፍ ያህል ይገፋል፤ በ40 ዲግሪ ግን ከ13 እጥፍ ይበልጣል። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላው፣ ከመቶ 80 እጅ ላይ የሚቆመውም ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው። በአውሮፕላን ግን ሲሊንደርም ሆነ ጣሳ በእጅም በሻንጣም አይጫንም።

እስካሁን የተባለው የከሰል ልማድ ስለሚያሳስትበት ነበር። አሁን ደግሞ የሚጠቅምበት አለ። በኢትዮጵያ ከሰል በተዘጋ ቤት አያይዞ መተኛት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም፤ ራስ ይከብዳል፣ ያጥወለውላል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያም ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መልክም ሽታም የሌለው አየር ነው፤ ኦክስጅን ከደም ጋር ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃልና ሰውነት በውስጡ ይታፈናል። የጋዝ ምድጃ አይጨስም፣ አይከረፋም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከዚህ ነገር ነጻ ይመስለዋል። አይደለም። በተዘጋ ክፍል ብዙ ሲነድና አየር ሲያጣ ያንኑ መርዝ ያወጣል። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲቆም ደኅና ነው፤ ቢጫ ሆኖ ሲንቦገቦግ፣ የድስቱንም ቂጥ ጥላሸት ሲያለብስ በሚገባ አልነደደም ማለት ነው። ሰማያዊ ቢሆንም እንኳ በር ተዘግቶ ለማሞቂያ አይሆንም።

ይህን ምክር የሚያዳግተው ለአረጋውያን መነኮሳይያት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ጋቢው አንድ ነው፤ ምድጃውም እዚያው ተቀምጧል። አባ እማሆይ አንዷን ሊቆጡ ሄደው ሳይቆጡ ተመልሰዋል፤ ይልቁንም ወደ ገዳሙ አስተዳዳሪ ሄደው ሁለት ብርድ ልብስና ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት ለምነው አመጡላቸው። በዚህ ያደረጉት ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ሰው የሚሞቅበት ሳይሰጠው ምድጃህን አጥፋ ቢሉት አያጠፋምና።

አለባበስም ይታሰብ። የነጠላ ጫፍ ቀላል ነው፣ ጥጥ ነው፣ ወደ ፊትም ይወድቃል፤ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጡ ነጠላውን ማጣፋት ወይም ማስቀመጥ ይሻላል። የመነኮሳት ሰፊ እጅጌም እንዲሁ።

ጋዝ የሸተተው ሰው መብራት አያብራ፣ የበራውንም አያጥፋ፤ የመብራቱ መጫኛ ራሱ ብልጭታ አለውና። መዝጊያው ቅርብ ከሆነ ይዝጋ፣ በሩን ይክፈት፣ ሰዎቹን ያውጣ፤ ስልክ የሚደውለው ከወጣ በኋላ ነው። በእስራኤል የእሳት አደጋ ቁጥር 102፣ የአምቡላንስ 101 ነው። ከሲሊንደሩ አፍ እሳት ሲወጣ የታየ እንደ ሆነ፣ መዝጊያው የሚደረስበት ሲሆን እሱን መዝጋት ይቀድማል፤ ጋዙ እየወጣ እሳቱን ብቻ ማጥፋት ክፍሉን በማይታይ ነገር መሙላት ነው። መዝጋት ካልተቻለ ሰውን አርቆ መጠበቅ ይገባል። የተቃጠለ ሰው ሲኖር ቁስሉን ለብዙ ደቂቃ፣ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ፣ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ይህ ልማድ ሙቀቱን አምቆ ቁስሉን ያብሳል፣ ሐኪሙንም ያስቸግራል።

ያለቀ ጣሳ ባዶ የሚመስለው ለዓይን ነው፤ ጥቂት ጋዝ በውስጡ ይቀራል። አይበሳም፣ ወደ እሳት አይጣልም፣ በመኝታ ሥርም አይከማችም፤ ሌላ ጋዝም አይሞላበትም። በዚያ እንግዳ ቤት ያለቁት ሁሉ በግቢው ግንብ ጥላ ሥር በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ ሲሊንደር የሚያመጣው ሰው በተራው ቀን ሲደርስ አባ እየቆጠሩ ያስረክቡታል።